ደመወዝ የሚከፈልበት የዶክትሬት ቦታ በሆላንድ፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በቅርቡ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከወልድያ የደረሱን በርካታ ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ጉዳዩም በሆላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ወጪው ተሸፍኖ ሦስተኛ ዲግሪ መማር ነው። የዚህን እትም ዐምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተን አራቱን ደብዳቤዎች አሳጥረን አቅርበናል። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ «በደሴ የምኖር የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በቦርከና ተፋሰስ የአፈር መሸርሸር ላይ ነው። ሆላንድ ውስጥ ላሉ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል መላክ ከጀመርኩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አብዛኞቹ አይመልሱልኝም። አንዱ ግን የራሴን የገንዘብ ምንጭ ይዤ ከመጣሁ በደስታ እንደሚያማክረኝ ጽፎልኛል። ይህ ተቀብሎኛል ማለት ነው? ስኮላርሺፑን ከየት ልፈልገው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። ፕሮፌሰሩ የጻፉልዎት በቅንነት ቢሆንም መቀበል ብለው አይውሰዱት፤ ርእስዎን ወደውታል፣ የሚከፍሉበት ገንዘብ ግን በእጃቸው የለም ማለት ነው። በሆላንድ በራሱ ወጪ ወይም በሌላ አካል ገንዘብ ከውጭ ሆኖ ዶክትሬቱን የሚሠራ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ አያገኝም፣ አንዳንድ ቦታም ለምርምሩ ወጪ ክፍያ ይጠየቃል። ስለዚህ ለፕሮፌሰሩ አመስግነው ይመልሱ፤ ወደፊት በቡድናቸው ክፍት ቦታ ሲወጣ እንዲያሳውቁዎትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቁ፤ ከዚያ በላይ ግን ተስፋዎን በዚያ ላይ አይጣሉ።

ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እርስዎን ከአንድ ዓመት በላይ ያደከመዎትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በሆላንድ አብዛኛው የዶክትሬት ቦታ የተማሪነት ቦታ ሳይሆን የሥራ ቅጥር ነው። እጩው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ሆኖ ውል ይፈርማል፣ በዩኒቨርሲቲዎች የኅብረት ስምምነት የተወሰነ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ግብርና የጡረታ መዋጮ ይቆረጥበታል፣ የዓመት ፈቃድም አለው፤ የትምህርት ክፍያ የሚባል ነገር አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2024 መገባደጃ በነበረው የደመወዝ እርከን መሠረት ለሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የመጀመሪያው ዓመት ያልተጣራ ደመወዝ በወር ወደ 2,900 ዩሮ፣ የአራተኛው ዓመት ደግሞ ወደ 3,700 ዩሮ ነበር። በዚህ ላይ የዓመቱ ደመወዝ 8 በመቶ የዕረፍት አበልና 8.3 በመቶ የዓመት መጨረሻ ክፍያ ይታከላል። ውሉ በተለምዶ የአራት ዓመት ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ ለአንድ ዓመት ወይም ለአንድ ዓመት ተኩል ይፈረምና በሥራው ግምገማ ላይ ተመሥርቶ ለቀሪው ጊዜ ይራዘማል።

እንግዲህ ነገሩ ቅጥር ከሆነ፣ የሚፈለገውም ስኮላርሺፕ ሳይሆን ክፍት የሥራ ቦታ ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያገኘው ፕሮፌሰሩ ነው፤ ለሆላንድ የምርምር ምክር ቤት ወይም ለአውሮፓ ኅብረት የምርምር ዕቅድ ያቀርባል፣ ዕቅዱ ሲጸድቅለት በውስጡ የአንድ ወይም የሁለት ዶክትሬት ተማሪዎች ደመወዝ ይኖራል፤ ከዚያም ያ ቦታ እንደማንኛውም ሥራ በማስታወቂያ ይወጣል። ማስታወቂያ ያላወጣ ፕሮፌሰር፣ ምንም ያህል ደግ ቢሆን፣ እርስዎን የሚቀጥርበት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ በኢሜይል መላክ ፍሬ ያጣው በእርስዎ ችሎታ ማነስ እንዳልሆነ እንዲረዱልን እንፈልጋለን፤ ከወሎ እስከ ወለጋ ስንት ብርቱ መምህር በዚሁ መንገድ ጊዜውን እንደሚያባክን ስለምናውቅ ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

ማስታወቂያዎቹ የሚሰበሰቡበት ዋናው የመረጃ መረብ ገጽ «አካዳሚክ ትራንስፈር» ይባላል፤ የሆላንድ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ክፍት ቦታዎቻቸውን የሚያወጡበት ነው። የሙያ መስክዎን መርጠው ቢመዘገቡ አዲስ ቦታ በወጣ ቁጥር በኢሜይል ይነግርዎታል። የአውሮፓ ኅብረት የተመራማሪዎች ገጽ የሆነው «ዩራክሰስ» ሁለተኛው ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ በመስክዎ የሚታወቁትን ተቋማት የራሳቸውን የቅጥር ገጽ በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል። የእርስዎ ሥራ የአፈርና የውኃ ስለሆነ በግብርናና በአካባቢ ሳይንስ የታወቀውን የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲን፣ በዴልፍት ከተማ ያሉትን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውንና የውኃ ትምህርት ተቋሙን፣ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲን፣ እንዲሁም በኤንስኬዴ ከተማ በትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውንና በሳተላይት ምስልና በካርታ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስተማረውን አይቲሲን ያስቀድሙ። የወሎ ልጆች በእነዚህ ተቋማት እንግዳ አይሆኑም። ለሁሉም የሚሆን አንድ የመግቢያ ወቅት የለም፤ ቦታው ዓመቱን ሙሉ ይወጣል፣ ማመልከቻው ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋል።

«ማሪ ስክሎዶቭስካ ኪዩሪ» በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት መርሐ ግብር የሚወጡትን የዶክትሬት ኔትወርክ ቦታዎች፣ ማለትም ብዙ ተቋማት ተባብረው የሚያሠለጥኑባቸውን፣ ለይተው ይመልከቱ። የማንኛውም አገር ዜጋ ሊወዳደርባቸው ይችላል፤ ዋናው ደንብ አመልካቹ ከቅጥሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በሚቀጠርበት አገር ከ12 ወራት በላይ ኖሮ ወይም ሠርቶ እንዳይሆን ነው። ደሴ ተቀምጦ ለሚያመለክት ሰው ይህ ደንብ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ቀድሞውኑ ሆላንድ የገባውን ተወዳዳሪ ያስቀርለታልና። በዚህ መርሐ ግብር የሚሸፈነው ብዙውን ጊዜ 36 ወር ስለሆነ የቀረው ጊዜ በማን እንደሚከፈል በቃለ መጠይቁ ወቅት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ርእስዎ አንድ ነገር እንጨምር። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተቋቋመው ፕሮግራም ከተከፈቱት ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነው፤ የዝናብ፣ የጎርፍና የደለል ልኬቱ ለረጅም ዓመታት የተጠራቀመ ነው። በዓለም የአፈር ሳይንስ ጽሑፎች ውስጥ የእርስዎ ደጅ እንዲህ በስሙ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ማስታወቂያው በስፔን ኮረብቶች ላይ ስለሚደረግ የውኃ ስርገት ጥናት ሆኖ ሳለ እርስዎ ስለ ቦርከና ብቻ ቢጽፉ አንባቢው ወደ ሌላ ማመልከቻ ያልፋል። በቦርከና የተማሩትን ዘዴ ይንገሩት፦ ደለልን እንዴት እንደለኩ፣ ናሙና እንዴት እንደወሰዱ፣ ለስሌቱ የትኛውን ፕሮግራም እንደተጠቀሙ፣ መረጃው ሲጎድል ምን እንዳደረጉ፤ ከዚያም ያ ዘዴ ለእነርሱ ጥያቄ የሚሆንበትን ምክንያት ያስረዱ። ቦታው ወሎ መሆኑ የሚያመዝነው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍላችሁ። የማስተርስ ነጥቤ 3.2 ነው፤ ያሳተምኩት ጽሑፍም የለኝም። ጓደኞቼ ያለ ኅትመት አይቻልም ይሉኛል። በጦርነቱ ምክንያትም ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ሥራ ቆይቻለሁ። ብሞክር ዋጋ አለው? ማመልከቻውስ እንዴት ይጻፋል?»

መልስ፦ ይሞክሩ። ለዶክትሬት ቅጥር ዋናው መስፈርት ከማስታወቂያው ጋር የሚሄድ የሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ ኅትመት ካለ ይረዳል፣ በብዙ ማስታወቂያዎች ላይ ግን ግዴታ ሆኖ አይቀመጥም። ከአጠቃላይ ነጥቡ ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፍዎ ውጤትና ለቦታው የሚያስፈልጉት ኮርሶች ውጤት በጥንቃቄ ይታያሉ። አደራ የምንልዎት፣ ገንዘብ ተቀብለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማንኛውንም ጽሑፍ በሚያወጡ መጽሔቶች ላይ አትሞ ለመቅረብ ብለው እንዳይቸኩሉ ነው። ገምጋሚዎቹ እነዚህን መጽሔቶች ያውቋቸዋል፤ በሲቪው ላይ ምንም ኅትመት አለመኖሩ እንዲህ ያለው ከመኖሩ ይሻላል።

የጦርነቱን ጊዜ አይደብቁት፣ አያስረዝሙትም። ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ሥራ እንደተቋረጠና ምክንያቱ ምን እንደነበረ በሲቪው ላይ በአንድ መስመር ይጻፉ፤ በዚያ ጊዜ ያነበቡት፣ ያስተማሩት ወይም ያገለገሉት ነገር ካለ ያክሉበት። ወሎ በእነዚያ ዓመታት ያለፈበትን መከራ ማንም አስተዋይ ሰው በድክመት አይቆጥርብዎትም።

ማመልከቻውን በሚመለከት፣ እኛ አገር ደብዳቤ ሲጻፍ ትሕትናና ምስጋና ይቀድማል፤ የተከበረ ዩኒቨርሲቲያችሁ፣ ታላቅ ክብር ይሰማኛል እየተባለ ግማሹ ገጽ ያልቃል። የሆላንድ ሰዎች በጽሑፍም በንግግርም ቀጥተኛ ናቸው፤ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው በጠረጴዛው ላይ ብዙ ማመልከቻ ስላለ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ጥያቄያችንን ተረድቶታል ወይ፣ የሚያስፈልገውን ሥራ ሠርቶ ያውቃል ወይ፣ ለምን ይህን ቦታ መረጠ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ወይም ከአንድ ገጽ ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል፤ የመጀመሪያው አንቀጽም ከልጅነት ታሪክዎ ሳይሆን ከምርምሩ ጥያቄ ይነሣ። ለአንዱ ቦታ የጻፉትን ስሙን ብቻ ቀይረው ለሌላው አይላኩት። በጥንቃቄ የተጻፉ ጥቂት ማመልከቻዎች በጅምላ ከተላኩ ብዙዎች የተሻለ ዕድል አላቸው ብለን እናምናለን።

የምስክሮችን ነገር አቅልለው አይዩት። ብዙ ቦታ የሚጠየቀው የሁለት ሰዎች ስምና ኢሜይል ሲሆን እነርሱ የሚጠየቁት ከቃለ መጠይቁ በፊት ወይም በኋላ ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪው ራሱ የድጋፍ ደብዳቤውን አርቅቆ ለመምህሩ ፊርማ የሚወስድበት ልማድ አለ፤ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ምስጋና እንጂ ምስክርነት የለበትም። የመመረቂያ አማካሪዎን በአካል አግኝተው ማስታወቂያውን ያሳዩት፣ አብራችሁ የሠራችሁትን ያስታውሱት፣ ኢሜይሉንም በየጊዜው እንደሚከፍት ያረጋግጡ። ከሆላንድ የመጣ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ዕድል የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

የእንግሊዝኛ ፈተና በሁሉም ቦታ አይጠየቅም፤ በሚጠየቅበት ቦታ በተለምዶ የአይኤልትስ 6.5 ወይም 7 ነጥብ ነው። ፈተናው ውድ ስለሆነ ማስታወቂያውን ሳያነቡ አስቀድመው አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም። የሐይቅ ነዋሪ ነኝ። ልጄ በጤና ሳይንስ ማስተርሱን ጨርሷል። አንድ አገናኝ ነኝ የሚል ሰው በሆላንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ቦታ አስይዝለታለሁ፣ ለማመልከቻና ለቪዛ ብሎ ብዙ ብር ጠይቆናል። ከብቱን ሸጬ ልስጠው ወይስ ልተው?»

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም፣ አባታችን። ከብትዎን አይሽጡ። ዩኒቨርሲቲ ለሠራተኛው ደመወዝ ይከፍላል እንጂ ሥራ ፈላጊውን ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቦታውም የሚገኘው በውድድርና በቃለ መጠይቅ ስለሆነ ማንም አገናኝ ሊያስይዘው አይችልም። ልጅዎ ራሱ ማስታወቂያውን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ አውጥቶ ማመልከቻውን በዚያው ገጽ ያስገባል፤ ይህንን ከሐይቅ ሆኖ በስልኩ እንኳ ማድረግ ይችላል። ከተመረጠ በኋላም የመግቢያ ቪዛውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ ለሆላንድ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚያቀርብለት ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ልጅዎ ቪዛውን የሚወስደው አዲስ አበባ ካለው የሆላንድ ኤምባሲ ነው። ሰውየው የቅበላ ደብዳቤ አምጥቼያለሁ ካለ፣ ልጅዎ በደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ትቶ በዩኒቨርሲቲው ዋና ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ይጠይቅ። የልጅዎን ፓስፖርትና ዋና ዲግሪ ለዚህ ሰው ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ አስመልሱ።

ጥያቄ፦ «ወልድያ አካባቢ በሰብል ምርምር የምሠራ፣ የአንድ ልጅ እናት ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ከቤቴ መራቅ ይከብደኛል። ምርምሬን እዚሁ በራያና በቆቦ እየሠራሁ ዶክትሬቱን ከሆላንድ ማግኘት እችላለሁ? ካልሆነስ ባለቤቴንና ልጄን ይዤ መሄድ ይፈቀዳል?»

መልስ፦ ሁለቱም መንገድ አለ። የመጀመሪያው በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የታወቀው «ሳንድዊች» የሚባለው አሠራር ነው። ተማሪዋ መጀመሪያ ላይ የተወሰኑ ወራት እዚያ ቆይታ የምርምር ዕቅዷን ታዘጋጃለች፣ ከዚያ አገሯ ተመልሳ የመስክ ሥራዋን ትሠራለች፣ በመጨረሻም ጽሑፏን ለማጠናቀቅና በገምጋሚዎች ፊት ለመከላከል ትመለሳለች። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በማሽላ ላይ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚስማማ የለም፤ ማሳው እዚህ ነውና። ነገር ግን ይህ ቅጥር አይደለም፤ ሆላንድ በሚቆዩበት ጊዜ የሚሰጠው የኑሮ ድጎማ ነው፤ በአገርዎ በሚሠሩበት ጊዜ የሚኖሩት በመሥሪያ ቤትዎ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ከማመልከትዎ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፦ መሥሪያ ቤትዎ ደመወዝዎን ሳያቋርጥ የጥናት ፈቃድ እንደሚሰጥዎት፣ እና የመስክ ሥራው ወጪ ከየት እንደሚሸፈን። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የሚፈርሙት የአገልግሎት ግዴታ ምን ያህል ዓመት እንደሆነም አስቀድመው ያንብቡ። ይህ መንገድ ከቅጥሩ በተለየ አማካሪ አስቀድሞ ማግኘትን ስለሚጠይቅ፣ በሰብል ሥራ ላይ ያለ ፕሮፌሰር ፈልገው አጭር የምርምር ሐሳብ ይዘው መጻፍዎ እዚህ ላይ ተገቢ ነው።

ቅጥሩን ከመረጡ ቤተሰብ ይዞ መሄድ ይፈቀዳል፤ የተመራማሪ የትዳር ጓደኛም ያለ ልዩ የሥራ ፈቃድ መሥራት ይችላል። ፈተናው ወረቀቱና ቤቱ ነው። ሆላንድ ውስጥ የመኖሪያ ቤት እጥረት ጽኑ ነው፤ በተለይ በአምስተርዳም፣ በዩትሬክትና በላይደን ለቤተሰብ የሚሆን ቤት በአንድ ደመወዝ መከራየት ከባድ ስለሆነ ብዙዎች መጀመሪያ ለብቻቸው ሄደው፣ ቤት ካገኙ በኋላ ቤተሰባቸውን ያስመጣሉ። የጤና መድኅን ግዴታ ነው፤ ለአንድ አዋቂ በወር ወደ 150 ዩሮ ይደርሳል፣ የልጅዎ ግን አይከፈልበትም። የሕፃናት ማቆያ ውድ ስለሆነ ሥራ ላይ ላሉ ወላጆች የሚሰጠውን የመንግሥት ድጎማ እንደ ደረሱ ይጠይቁ።

ወረቀቱን ዛሬ ይጀምሩ። በወሎ ብዙ ጋብቻ በኒካህ፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌዎች ፊት ተፈጽሞ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ለሆላንድ መንግሥት ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋሉ። እነዚህ ተተርጉመው፣ በሰነዶች ማረጋገጫና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፈው በመጨረሻ በኤምባሲው ይረጋገጣሉ። የስምዎ የላቲን አጻጻፍ በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ በፓስፖርትዎ ላይ የአያትዎ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ በማመልከቻውም ላይ በዚያው ቦታ ይጻፉት። ቀኖቹንም እንዲሁ፦ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእነርሱ አቆጣጠር የተመረቀው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ስለሆነ፣ በሲቪውና በዲግሪው ትርጉም ላይ ሁለት የተለያየ ዓመት እንዳይታይ ያድርጉ።

ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩ ደግሞ የሰዓቱን ልዩነት ልብ ይበሉ። ኢትዮጵያ ከሆላንድ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ እነርሱ ሰዓታቸውን የሚቀይሩት በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። በዲሴምበር በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት 10:00 ብለው ከጻፉልዎት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በጁን ከሆነ 5 ሰዓት ነው። ብዙውን ጊዜ አጭር ገለጻ እንዲያቀርቡ ስለሚጠይቁ ገለጻውን ከዋዜማው ይላኩላቸው፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ የሚደውሉበትን የስልክ ቁጥርዎንም በዚያው ኢሜይል ይስጡ።